የጋሽ ደምሴ የወረቀት ጓሮ

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸው በስልክ የተነገረኝ ባለፈው ጥር፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወዲያው አላለቀስኩም። ወደ መስኮቱ ሄጄ ጣሳ ውስጥ የተተከለውን እሬት ግማሽ ዙር አዞርኩት። ቅዳሜ ስለነበር ነው። ከዚያ ሶፋዬ ላይ ተቀመጥኩና እንደ ሰው አለቀስኩ።

ለቅሶ ቤት ስለ እሳቸው ብዙ ሲባል ሰማሁ። ቅን ነበሩ ተባለ፤ ሰው አክባሪ ነበሩ ተባለ፤ ከአፋቸው ክፉ አይወጣም ተባለ። ሁሉም እውነት ነው። ግን ይህ ለሞተ ሰው ሁሉ የሚባል ነው፤ እኔም ስሞት መባሉ አይቀርም፤ ከእኔ አፍ ምን ምን እንደሚወጣ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። የእኔ ጋሽ ደምሴ እዚያ ቤት አልተነሡም። የእኔ ጋሽ ደምሴ በታኅሣሥ ብርድ የሳር ኮፍያ ደፍተው፣ አጭር እጅጌ ሸሚዝ ለብሰው፣ ሳሎናቸው መሀል መቆፈሪያ ይዘው የውሸት ፎቶ የተነሡ ሰው ናቸው። ተነሥቼ ይህን ብናገር ለቀስተኛው ወይ ይስቅ ነበር ወይ እኔን ያስወጣኝ ነበር። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

በፈረንጅ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ በሰው ሀገር፣ ዌስተን በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ አሮጌ አፓርትመንት ሰባተኛ ፎቅ ላይ እኖር ነበር። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ላውንደሪ እሠራለሁ። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ ያወጡልኝ ሰዎች ትንሽ ቸኩለዋል። ጋሽ ደምሴ ከእኔ በር ፊት ለፊት ነበሩ፤ መጀመሪያ ያየኋቸው ግን ሊፍት ውስጥ ነው። ረዘም ያሉ፣ ከሲታ፣ ሃምሳን ያለፉ ሰው፣ በዚያ ብርድ አንገታቸው ባዶ ነው። ሻርፓቸው ኮታቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ ያቀፉትን ነገር ጠቅልሏል። ሐበሻ መሆናቸው ያስታውቃል። ሕፃን የያዙ መስሎኝ፣ ስንት ወሩ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔ እንጃ። ከቆሻሻ ላይ ነው ያነሣሁት» አሉኝ።

ልጮህ ስል ሻርፑን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ግማሽ ቅጠሏ የረገፈ፣ ግማሿ የገረጣ፣ አንዲት ትንሽ የቢሮ አበባ ናት። በጋዜጣም በሻርፕም ጠቅልለዋታል። ሰባተኛ ፎቅ እስክንደርስ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም፤ እሳቸው ግን አልሳቁም፤ በሩን ቶሎ ክፈቺልኝ፣ ብርድ መታት አሉኝ።

ዳውንታውን ባለ አንድ ረጅም የቢሮ ሕንፃ ላይ በቀን ሺፍት ክሊኒንግ ይሠሩ ነበር። ጊዜው ቢሮ የሚዘጋበት፣ ሠራተኛ የሚቀነስበት ጊዜ ነው። ሥራውን ያጣ ሰው የልጆቹን ፎቶና የሻይ ኩባያውን በካርቶን ይዞ ይወጣል፤ አበባው መስኮቱ ላይ ይቀራል። ሱፐርቫይዘራቸው የቀረውን ሁሉ ጣል ይላቸዋል። ጋሽ ደምሴ ደግሞ በትእዛዝ ነው የሚያድሩት፤ ቆሻሻ መጣያው ድረስ ይወስዱና፣ ከጣሉ በኋላ መልሰው ያነሡታል። ሰውየው የት እንደገባ አላውቅም፣ አበባው ግን ከእኔ ጋር ነው ይሉ ነበር።

ቤታቸው ገብቶ መቀመጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ያለውን ጣሳ ታነሣላችሁ፤ ከዚያ ማስቀመጫ ስለሌለ እንግድነታችሁን እስክትጨርሱ ታቅፉታላችሁ። የቲማቲም ጣሳ፣ የቀለም ባልዲ፣ እጀታው የተሰበረ ድስት፣ ሁሉም አፈር ተሞልቶ አንድ ነገር በቅሎበታል። አንዱ ቅጠል እንደ ፀጉር ይወርዳል፤ አንዱ ከቤት ማሞቂያው ከሂተሩ አጠገብ ተደግፎ ጣራ ሊነካ ነው። የአቮካዶ ፍሬ በስንጥር ተወግቶ ብርጭቆ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሥር ያወርዳል። እጄን የላውንደሪው መተኮሻ ያቃጠለኝ ጊዜ አንድ እሬት ከነጣሳው ሰጡኝ። ቅጠሉን እየቆረጥኩ ቁስሌን ቀባሁበት፤ ሲድንልኝ ከመስኮቱ ጥግ ወርውሬ ረሳሁት። ያኔ እንዲህ ነበርኩ።

የሚገርመው ግን ጋሽ ደምሴ ስለ ተክል የሚያውቁት ነገር አልነበረም። በሀገር ቤት የመሬት ቀያሽ ነበሩ። እርሳስ ከጆሯቸው አይጠፋም፤ ሲያወሩም ጠረጴዛው ላይ በጣታቸው መስመር ያሰምራሉ። ተክሉንም ይዘው የሚለኩ እንጂ የሚያሳድጉ አይመስሉም ነበር። እሑድ እሑድ እኩለ ቀን ላይ ተንበርክከው፣ የፀሐይዋ ብርሃን ወለሉ ላይ የደረሰበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት ያደርጉና ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይጽፉበታል። ምልክቱ ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ፣ ጥቅምትን፣ ኅዳርን አልፎ፣ ታኅሣሥ ላይ ከሳሎኑ መሀል ዘልቆ አልጋቸው እግር ሊደርስ ምንም አይቀረውም። «ሰው በዊንተር ፀሐይ የለችም ይላል። በሰመር እኮ መስኮቱ ላይ ቆማ ነው የምትመለሰው። ቤት ድረስ የምትገባው ሲበርድ ነው» አሉኝ አንድ ቀን። ወለሉን አየሁት፤ እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ ታኅሣሥን እንደ ድሮው አልጠላሁትም።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ባለቤታቸው እትዬ የሺ ነበሩ። ጋሽ ደምሴ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ሲወጡ፣ በሁለት ዓመት እወስድሻለሁ ብለው ወሊሶ ትተዋቸው ሄዱ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላ። ልጅ የላቸውም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ለምን አይመለሱም ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ልባቸውን ይታመሙ ስለነበር ሐኪሙ ከሆስፒታል እንዳይርቁ አስጠንቅቋቸዋል። እንግዲህ መምጣት ያለባቸው እትዬ የሺ ናቸው። ስፖንሰር ካደረጓቸው ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። እትዬ የሺ ግን ብድግ ብለው የሚመጡ ሰው አልነበሩም። ባላቸው ከሄዱ ጀምሮ የኖሩት በጓሯቸው ነው፤ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ጌሾ፣ ኮክ፣ ጤና አዳም፣ የሌለ ነገር የለም ይላሉ ጋሽ ደምሴ። «የሺ የደረቀ ችካል ብትተክል ይለመልማል። እኔ ዕድሜዬን የተከልኩት ችካል ብቻ ነው።»

በተዋወቅን በስድስተኛው ወር ላይ ጋሽ ደምሴ መሬት አገኙ። ከሕንፃው ጀርባ፣ ከመኪና ማቆሚያው ወዲያ፣ አከራዩ ለሚፈልግ ተከራይ የሚፈቅደው ባዶ ቦታ ነበር፤ አንዱን ክፍል ለእሳቸው ሰጣቸው። ደስታቸው ልክ አልነበረውም። አልምቼ ፎቶውን ለየሺ እልካለሁ፣ ያኔ ልቧ ይቆርጣል አሉኝ። ከዚያ ሰኔን ሙሉ ሲለኩ፣ ችካል ሲተክሉ፣ ሲባጎ ሲወጥሩ ከረሙ። የጎረቤቶቻችን ቲማቲም ጉልበት ደርሷል፤ የጋሽ ደምሴ መሬት ላይ እንደ ክራር የተወጠረ ሲባጎ ብቻ ነው ያለው። አምስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት ጃማይካዊት እናት ምን እየጠበቅህ ነው ብለው ጠየቋቸው። ጋሽ ደምሴ በትሕትና ሐምሌ ገና ነው ብለው መለሱ።

እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ አልተቃወምኩም። በሐምሌ ይዘራል፣ በኅዳር ይሰበሰባል፤ ይህን ያላወቀ ሐበሻ ማን ነው? ሁለታችንም ከተማ ያደግን፣ እርሻን ከመኪና መስኮት ያየን ሰዎች ነን፤ ይቺን ግን እናውቃለን። ስለዚህ ሐምሌ ሲገባ ዘሩ። ቃሪያው፣ ጎመኑ፣ ባቄላው፣ በቆሎው በቀለ፤ ነሐሴን አማረበት፤ በመስከረም በቆሎው ገና ሊያሸት ሲል እኔ ፎቶ እንዳነሣ ለእሑድ ቀጠሩኝ። ሐሙስ ሌሊት ውርጭ ወረደ። እሑድ ካሜራዬን አንጠልጥዬ ስወርድ ጎመኑ ብቻ ቆሟል፤ ሌላው ሁሉ የፈላ ውሃ እንደ ደፉበት ጠቁሮ ተኝቷል። ጋሽ ደምሴ መሀሉ ቆመው እርሳሳቸውን ያገላብጣሉ። ሳቅኩ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ሲባጎው ያን ሁሉ ሬሳ በአራት ማዕዘን ከፋፍሎ ሳየው ሳቄ አመለጠኝ።

ኅዳር ላይ ከወሊሶ ደብዳቤ መጣ። ማታ ሥራ ውዬ ስገባ በራቸውን ከፍተው ጠበቁኝና እንዳነበው ሰጡኝ። ቪዛው ተሰጥቷል፤ እስከ መጋቢት አጋማሽ መግባት አለባቸው፤ ያ ካለፈ ይቃጠላል። ከዚያ እትዬ የሺ እንዲህ ይላሉ፤ «አንተ በሌለህባቸው ዓመታት ያኖረኝ ይህ ጓሮ ነው። እሱን ጥዬ መጥቼ ሰባተኛ ፎቅ ሲሚንቶ ላይ ልቀመጥልህ? አልቀረሁብህም፣ አልመጣሁምም። መሬት አለኝ ብለህ ጽፈህ ነበር። መሬት ካለህ አሳየኝ።»

ጋሽ ደምሴ በመስኮቱ ወደ ታች አዩ። መሬቱ ላይ በረዶ መጣል ጀምሯል።

የፎቶው ሐሳብ የእኔ ነው፤ አልክድም። እዚህ ያለው ቅጠል ሁሉ አንድ ላይ ቢሰበሰብ ጓሮ አይመስልም ወይ አልኳቸው። እንቢ አሉ፤ አንድ ሳምንት ነዘነዝኳቸው፤ በመጨረሻ እሺ አሉ። አንድ የታኅሣሥ እሑድ ጣሳውን ሁሉ አንድ ጥግ አከማቸን። ጣሳው እንዳይታይ ጥቁር ፕላስቲክ ጋረድንበትና አፈር አለበስነው፤ ሂተሩን በዚያ ረጅም ቅጠል ሸፈንን። የሳር ኮፍያ ከርካሽ ሱቅ ገዝቼ አመጣሁ። ጋሽ ደምሴ በአጭር እጅጌ ሸሚዝ ቆመው መቆፈሪያውን እንደ ጠመንጃ ያዙት። ፈገግ ይበሉ ስላቸው ፈገግ አሉ፤ እንዲህ ያለ የሚያሳዝን ፈገግታ በሕይወቴ አላየሁም። ሃያ አራቱንም ፎቶ ጨረስኩ፤ ሦስቱን መርጠን ላክን።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኛው ለመቅለል አምስት ሳምንት ፈጀበት። ጥር መጨረሻ ላይ መልሱ መጣ፤ ጋሽ ደምሴ ቆመው ጮክ ብለው አነበቡልኝ።

«ደምሴ፣ የላክኸውን አየሁ። ቅጠሎቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን አዘንብለዋል። ደጅ ያለ ተክል ፀሐይ ዞራ ስለምታየው ቀጥ ብሎ ያድጋል። የአንተ ያሉት ቤት ውስጥ ነው። መስኮቱም በግራህ በኩል ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ቸግሮኛል፣ ናፍቄሃለሁ፣ አንድ ቀን ግን ዋሽቶኛል ብዬ አላውቅም ነበር።»

ወንበሩ ላይ ያለውን ጣሳ ሳያነሡ ሊቀመጡ ሲሉ ይዤ አስቀረኋቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ለእትዬ የሺ እኔ ልጻፍላቸው አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቀያሽ ሳይለካ ለካሁ ካለ አለቀለት። እኔ ነኝ የቆምኩት፤ አንቺ ካሜራ ብቻ ነው የያዝሽው» አሉኝ። ከዚያ ደብዳቤውን እንደገና አዩትና፣ ያን ሁሉ ኀዘናቸውን አልፎ አንድ ነገር ፊታቸው ላይ ብልጭ አለ። «መስኮቱም በግራ ነው አለች እኮ። ከወሊሶ ሆና። አየሻት?»

እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እሳቸው ግን በማግስቱ ደብተራቸውን ይዘው በየፎቁ በር ማንኳኳት ጀመሩ። እንደ ልብ በማይሆን እንግሊዝኛቸው፣ መጀመሪያ የሄዱት እነዚያ ጃማይካዊት እናት ጋ ነው። የመጨረሻው ውርጭ መቼ ነው፣ የመጀመሪያውስ፣ የምን ችግኝ ቤት ውስጥ ይፈላል፣ ምን ደጅ ይዘራል፣ እያሉ ጠየቁ። ሴትየዋ ባለፈው ሰኔ ልነግርህ ስል ነበር ብለው ሳቁባቸውና ሻይ አፈሉላቸው። ጋሽ ደምሴ የሰሙትን ሁሉ ወደ እኛ አቆጣጠር እየመለሱ ጻፉ። ግንቦት አጋማሽ ሳይደርስ ቃሪያ ደጅ አይወጣም። መስከረም ሳያልቅ ሁሉ መሰብሰብ አለበት። ለቃሪያው ግን ከአሁን፣ ከየካቲት፣ ቤት ውስጥ ችግኝ ማፍላት ይጀመራል። ይህን ሲያውቁ እንደ ሕፃን ደስ አላቸው። ጊዜው አልፏል ብለው ሲያዝኑ፣ ለካ ጊዜው ገና አሁን መጀመሩ ነው።

አንድ ቅዳሜ ሜትር ያዢልኝ ብለው ይዘውኝ ወረዱ። በረዶው ጉልበት ያልፋል። መሬቱ የት ላይ ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ችካላቸውን በእግራቸው እየፈለጉ አገኙት። እኔ አንዱን ጫፍ ይዤ እንቀጠቀጣለሁ፤ እሳቸው ሌላውን ጫፍ ይዘው ያነባሉ፤ ከየመስኮቱ ሰው ያየናል። ጋሽ ደምሴ ባለፈው ሰኔ ለክተውት አልነበረም ወይ አልኳቸው። ያን ጊዜ የለካሁት መሬቱን ነው፣ አሁን የምለካው ጥላውን ነው አሉኝ። የሕንፃው ጥላ የት ድረስ እንደሚወድቅ፣ የጎረቤት አጥር የቱን እንደሚከልል፣ ውሃ የት እንደሚያቁር ጻፉ። በብርድ የደነዘዘ ጣቴን ይዤ ተሳደብኩ። እሳቸው አልሰሙኝም፤ በረዶ ላይ ተንበርክከው ይጽፋሉ።

ከዚያ ፕላኑን ሠሩ። ካሬ ካሬ ባለው ትልቅ ወረቀት ላይ፣ በእርሳስ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ። ከሥራ ስመለስ አንኳኩቼ እገባና አንድ ጣሳ አቅፌ እመለከታለሁ። እውነቱን ሁሉ አስገቡበት። ጥላ ያለበትን ጥላ ብለው ጻፉ። አንዱ ማዕዘን ላይ፣ እዚህ በሐምሌ ዘርቼ በመስከረም ውርጭ ፈጀብኝ ብለው ጻፉ። እንደዚህ ያለ ነገር በፕላን ላይ ይጻፋል ወይ ብላቸው፣ በእኔ ፕላን ላይ ይጻፋል አሉ። ከሁሉ ፀሐይ የምታገኘዋን ጥግ ግን ባዶ ተዉአት። በትንንሽ ፊደል፣ ይህን አንቺ ታውቂያለሽ የሚል ብቻ አለባት። ግልባጩን ላኩ፤ ዋናውን ግድግዳ ላይ ለጠፉት። ደብዳቤው አጭር ነበር፤ «የሺ፣ መሬት አለኝ። አሁን በረዶ ለብሷል፤ የማሳይሽ ይህን ወረቀት ብቻ ነው።»

መልስ አልመጣም። የእንቁላል ካርቶን ላይ የዘሩት ቃሪያ ሂተሩ አናት ላይ ሆኖ ብቅ ብቅ አለ። ፕላስተሩ ከአልጋቸው እግር ወደ መስኮቱ እየተመለሰ ነው። እኔ የፖስታ ሣጥናቸውን በየቀኑ አያለሁ፤ ጥፋቴን አውቀዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ባፌዝባቸው፣ የትኛው ነኝ ብለው ጠየቁኝ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ አፍ አውጥቼ፣ ባይመጡስ አልኳቸው። ጣታቸውን ውሃ ነክረው ቡቃያዎቹ ላይ እያንጠባጠቡ ነበር።

«ቃሪያው እኮ ይህን አያውቅም» አሉኝ፤ ሥራቸውንም ቀጠሉ።

በመጋቢት መጀመሪያ እትዬ የሺ ከቴሌ ደወሉ። እመጣለሁ፣ ቅዳሜ እገባለሁ፣ ግን አይቼ እመለሳለሁ አሉ። የመመለሻ ትኬታቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ጓሮውን ለእህታቸው ልጅ አደራ ሰጥተው ነው የወጡት። ጋሽ ደምሴ ይህን ሲነግሩኝ፣ አይቼ እመለሳለሁ የሚለውን ሁለት ጊዜ ነገሩኝ፤ አንዴ በኀዘን፣ አንዴ ደግሞ አይቼ የምትለዋን ጠበቅ አድርገው።

ኤርፖርት አብሬ ሄድኩ። እትዬ የሺ አጠር ያሉ፣ ፈጠን ያሉ፣ ዓይናቸው ሁሉን የሚያይ ሴት ናቸው። ባልና ሚስቱ ጉንጭ ለጉንጭ ደጋግመው ተሳሳሙ። በሩ ሲከፈት ነፋሱ ገባ። ጋሽ ደምሴ ሻርፓቸውን ፈትተው፣ እነዚያን የቢሮ አበቦች በሚጠቀልሉበት አኳኋን፣ ከአንገት እስከ አፍንጫ ጠቀለሏቸው። እትዬ የሺ አገጫቸውን ቀና አድርገው ተጠቀለሉ። ታክሲው ውስጥ መንገዱን ሙሉ በረዶውን ሲያዩ፣ ይህ ሁሉ መሬት ነው እንዴ ብለው ጠየቁ።

ቤት ገብተን እትዬ የሺ ኮታቸውን አላወለቁም። ወንበር ጫፍ ላይ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ምግብ ቀረበ፤ ኋላ አሉ። ጋሽ ደምሴ ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ግድግዳው ሥር ቆመዋል፤ ፕላኑ ከራሳቸው በላይ ነው፤ ወደዚያ ግን አንድም ጊዜ አልጠቆሙም። እትዬ የሺ ቤቱን በዓይናቸው ዞሩት። ከዚያ ተነሡና መስኮቱ ጋ ሄዱ። አንዱን ጣሳ ግማሽ ዙር አዞሩት፤ ወደ ብርሃኑ ያጎነበሰው ቅጠል ፊቱን ወደ እኛ መለሰ። ቀጣዩን አዞሩ። ኮታቸውን እንደለበሱ፣ የቤቱን ጣሳና ባልዲ ሁሉ አንድ በአንድ አዞሩ፤ ብርጭቆው አፍ ላይ ያለውን አቮካዶ እንኳ አልተዉትም።

«በአንድ ወገን ብቻ እያየ እንዴት ይኖራል? በየቅዳሜው አዙራቸው» አሉ።

አዙራቸው ነው ያሉት፤ እኔ አዞራቸዋለሁ አላሉም። ጋሽ ደምሴም እንደ እኔ ሰምተውታል፤ ፊታቸውን አይቼ ቻው ሳልል ወጣሁ። ለብቻቸው ሲቀሩ ይሠሩት ዘንድ የተሰጣቸው አደራ መስሎን ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙም አላየኋቸውም። ሦስት ሳምንት ነው ያላቸው፤ በመሀላቸው ምን አገባኝ ብዬ ራቅኩ። አንዳንዴ ኮሪደሩ ላይ የእትዬ የሺ ድምፅ ይሰማኛል፤ ምን እንደሚሉ አልለይም። አንድ ቀን ከአምስተኛ ፎቋ እናት ጋር ሊፍት ውስጥ አገኘኋቸው፤ ቋንቋ ሳይኖራቸው በእጅ ያወራሉ፤ አንዷ የቃሪያ ዘር ለሌላዋ ታሳያለች። ትኬቱ ለማክሰኞ ነው። እሑድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ።

ጋሽ ደምሴ ናቸው። ፕላኑን ከግድግዳው አንሥተው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። የላጲስ ፍርፋሪ ከወረቀቱ ላይ ምንጣፉ ላይ ይራገፋል። ጆሯቸው ላይ እርሳስ የለም።

«አጠፋችው» አሉኝ።

ወረቀቱን አየሁት። የስንት ሳምንት ሥራቸው ነው፤ ያ ሁሉ ጉልበት ድረስ በረዶ። ላጽናናቸው ስል እሳቸው ቀጠሉ። ከቁርስ በኋላ እትዬ የሺ እርሳሱን ከባላቸው ጆሮ ላይ ወስደው ተቀመጡ አሉ። ጎመኑን ወደ ጥላው ወሰዱት፤ ጎመን ጥላ ይችላል ብለው። ቲማቲሙን በጣም አቀራርበኸዋል ብለው አራርቀው ዘረጉት። መተላለፊያ የተባለውን መስመር ሁሉ አነሡት፤ በዚህ ሁሉ መንገድ ማን ይሄድበታል፣ መኪና ልታስገባ ነው ወይ አሉ። የሚያወሩኝ ስለ ተግሣጽ ነው፤ ፊታቸው ላይ ያለው ግን ሠርግ ነው። ከዚያ ወረቀቱን አስጠግተው ጥጓን አሳዩኝ። ያቺ ባዶ የተዉአት ጥግ ክብ ተሥሎባታል፤ ክቡ ውስጥ በሌላ ሰው ጽሕፈት አንድ ቃል አለ። ኮክ ይላል።

«ኮክ በስንት ዓመቱ እንደሚያፈራ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም አልኳቸው።

«ጠየቅኳት። አራት ዓመት ይፈልጋል አለችኝ። አራት ዓመት፣ ትዕግሥት።»

ከዚያ በላይ መናገር አልቻሉም። ወረቀቱ እንዳይርስ አርቀው ይዘው፣ ግንባራቸውን የበሩ መቃን ላይ አድርገው አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ደስም አለኝ፤ ከጥፋቴ የተፈታሁም መሰለኝ። ክፍት ከተተወው በራቸው የእትዬ የሺ ድምፅ መጣ፤

«ደምሴ፣ ወረቀቱን አምጣው እንጂ፤ መቼ ጨረስኩ?»

አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው እየሮጡ ገቡ። እኔ በሬን ዘጋሁ፤ ከመስኮቱ ጥግ የረሳሁትን እሬት ፈልጌ አወጣሁት። አንድ ዓመት ሙሉ ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲያይ ጎብጧል። እሑድ ነበር፤ እስከ ቅዳሜ መጠበቅ ግን አልቻልኩም፤ እዚያው አዞርኩት።